ከ2ኛ ወደ 27ኛ

ስለ ስፌት ማሽን የምጽፍበት ዌብሳይት አለኝ። ማሽኑ ክር ሲበጥስ፣ ስፌት ሲዘል፣ ጨርቅ አልስብ ሲል ምን እንደሚደረግ ነው የምጽፈው። ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ከጽሑፎቼ ሁሉ የምሳሳላት አንዲት አለች። ስንሰፋ ከጨርቁ ሥር ክሩ ተተብትቦ የወፍ ጎጆ ሲመስል ምን ማድረግ እንዳለብን የምትናገረው ናት። ሰው ይህን ችግር በፍለጋ ሞተር ሲጠይቅ ለ5 ዓመት ያህል 2ኛ ሆና ትመጣ ነበር። አንዳንዴ 3ኛ ትሆናለች፣ ሳምንት ሳይሞላት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። እኔም ለምጄው ነበር። ቦታዋ የራሷ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጽሑፎቼ በፍለጋ ስንተኛ ሆነው እንደሚመጡ የሚያሳየኝን ሪፖርት ስከፍት 27ኛ ሆናለች።

መጀመሪያ ሪፖርቱ የተበላሸ መሰለኝ። ዘግቼ ከፈትኩት፣ ያው ነው። በስልክ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ግራፉ ቁልቁለት እንኳን አልነበረውም፣ ገደል ነው። በ3 ቀን ውስጥ ከጎብኚዎቼ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሉም። እኔ ደግሞ አንድ ፊደል አልነካሁም። ሰርቨሩ ይሠራል፣ ገጾቹ ይከፈታሉ፣ ፎቶዎቹ አሉ። ሁሉም በቦታው ነው፣ ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ድርግም ያለ ቤት ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ።

ይህን የምጽፈው ያው ነገር ለደረሰበት ሰው ነው። ምናልባት ዛሬ ጠዋት ደርሶብህ፣ ወይም ደርሶብሽ፣ አሁን አንዱን ገጽ ዘግታችሁ ሌላውን እየከፈታችሁ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ዛሬ ምንም አትንኩ። ነገም አትንኩ። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። መውደቁ ጎድቶኛል፣ እውነት ነው። ከመውደቁ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት በገዛ እጄ ያደረግኩት ግን የባሰ ጎድቶኛል።

በመጀመሪያው ቀን የ40 ጽሑፎችን ርዕስ ቀየርኩ። የሆነ ቦታ "ሰው የሚፈልገው ቃል ከርዕሱ መጀመሪያ ላይ ይምጣ" የሚል አንብቤ ነበርና ሁሉንም አገለባበጥኳቸው። በማግስቱ የገጾቹን አድራሻ አሳጠርኩ። ከአሮጌው አድራሻ የመጣውን ሰው ወደ አዲሱ የሚያዞረውን ሪዳይሬክት ግን ለግማሾቹ ረሳሁት። ይህ ማለት ባለፉት ዓመታት ሰዎች በየቦታው ያስቀመጧቸው ሊንኮች ሁሉ "ገጹ አልተገኘም" ወደሚል ባዶ ገጽ ይወስዱ ጀመር ማለት ነው። ማንም ሳይወስድብኝ እኔው ራሴ ነው የጣልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ያደረግኩትን ማስታወስ አሁንም ያመኛል። ባለሙያ ነኝ የሚል አንድ ሰው "ደካማ ገጾችህ ናቸው ጠቅላላውን ሳይት ወደ ታች የሚጎትቱት" አለኝ። አመንኩት። በወር ከ10 ሰው በታች የሚያያቸውን ጽሑፎች በዝርዝር አወጣሁ፣ ሁሉንም መረጥኩ፣ ሰረዝኩ። 63 ጽሑፍ በአንድ ከሰዓት። ከነሱ መካከል ማሽን ፈትቼ፣ እያንዳንዱን ብሎን ፎቶ አንስቼ፣ ሳምንት ሙሉ የለፋሁባቸው ነበሩ። ከመሰረዜ በፊት አንዱንም አላነበብኩትም። ያየሁት ቁጥራቸውን ብቻ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። እኔ የፈሰሰውን ስለቅም 5 ወር ፈጀብኝ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ሰው ድንገት ሲመታ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም፣ አንድ ነገር ካላደረገ የሚያብድ ይመስለዋል። ቁጥሩ በየቀኑ ይታያል፣ በየቀኑም ይቀንሳል። ቁጥሩን እያዩ ምንም ሳያደርጉ መቀመጥ ስንፍና ይመስላል። ደግሞ ዕድሜ ልክህን የለፋህበት ነገር ተመዝኖ ቀልሎ የተገኘ ያህል ይሰማሃል። እኔ ጥፋት እንደተፈረደብኝ ነበር የቆጠርኩት። ጥፋቴን ግን አላውቀውም። ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ ጥፋት አድርጌ መቅጣት ጀመርኩ።

ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሄጄ የዚህን ነገር ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ብዙ እንባ ይቀንስልኝ ነበር።

ላሪ ፔጅ እና ሰርጌይ ብሪን ጉግልን በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሲመሠርቱ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ቀላል ነበር። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲያደርግ እንደ ድምፅ ይቆጠራል፣ ብዙ ድምፅ ካገኘ ገጽ የመጣ ድምፅ ደግሞ ይበልጥ ይመዝናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሰው ሚዛኑ በምን እንደሚሠራ ሲያውቅ ሚዛኑን መጫን ይጀምራል። ሊንክ መሸጥና መግዛት መጣ፣ አንድ ቃል መቶ ጊዜ የሚደጋግሙ ገጾች መጡ። ሚዛኑ ይስተካከላል፣ ሰው ሌላ ዘዴ ያገኛል፣ ሚዛኑ እንደገና ይስተካከላል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታሪኩ ይኸው ነው።

በኖቬምበር 2003 በጉግል ደረጃ አሰጣጥ ላይ ሰዎች "ፍሎሪዳ" ብለው የሚጠሩት ለውጥ መጣ። የዓመቱ ትልቁ የገበያ ወቅት ሊጀምር ሲል ነበርና ከፍለጋ በሚመጣ ደንበኛ የሚኖሩ ብዙ ትናንሽ ሻጮች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በፌብሩዋሪ 2011 "ፓንዳ" መጣ። ጉግል ራሱ ያኔ እንደተናገረው በአሜሪካ ከሚደረጉት ፍለጋዎች 11.8 በመቶ የሚሆነውን ነካ። ለብዛት ተብለው የተጻፉ ባዶ ጽሑፎች ነበሩ ዒላማው። በኤፕሪል 2012 "ፔንግዊን" መጣና የተገዙ ሊንኮችን ያዘ። በኤፕሪል 2015 በስልክ ላይ በደንብ የማይነበቡ ገጾች በስልክ ፍለጋ ወደ ታች ወረዱ። በኦገስት 2018 በተለይ የጤና ገጾችን ያመሰ ትልቅ ለውጥ ተደረገ። በማርች 2024 የጀመረው ደግሞ ተጠናቆ እስኪያልቅ 45 ቀን ፈጀ። 45 ቀን! በየጠዋቱ ቁጥር ሲወጣና ሲወርድ እያየ 45 ቀን የተቀመጠ ሰው ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሚተኛ አውቃለሁ።

ከነዚህ ሁሉ ልቤን የነካኝ የፔንግዊን ነገር ነው። ያኔ የተቀጣ ሳይት ጥፋቱን ቢያስተካክልም ወዲያው አይፈታም ነበር፣ ቀጣዩ ዙር እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። ከኦክቶበር 2014 እስከ ሴፕቴምበር 2016 ድረስ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው፣ ቀጣዩ ዙር አልመጣም። አስቡት። አጽድተህ፣ አስተካክለህ፣ ንጹሕ ሆነህ፣ ሁለት ዓመት በር ላይ መቆም። ከ2016 በኋላ አሠራሩ ተቀይሮ፣ ያስተካከለ ሳይት ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ቀረለት፤ እነዚያን ሁለት ዓመታት ግን የመለሰላቸው የለም።

ሌላ ያነበብኩት ነገር ደግሞ አጽናናኝ፣ አበሳጨኝም። በኦገስት 2019 ጉግል ስለ ትልልቆቹ ለውጦች ለሳይት ባለቤቶች ማብራሪያ ሲሰጥ አንድ ምሳሌ ተጠቀመ። በ2015 ምርጥ 100 ፊልሞች ብለህ ዝርዝር አወጣህ እንበል፣ በ2019 እንደገና ብታወጣው አንድ አይሆንም። አዳዲስ ፊልሞች መጥተዋል፣ የድሮዎቹንም እንደገና ስታስባቸው ከፍና ዝቅ ታደርጋቸዋለህ። ዝቅ ያለው ፊልም መጥፎ ስለሆነ አይደለም። አበሳጨኝ፣ ምክንያቱም የሚስተካከል ስህተት ከሌለኝ ምን ላስተካክል? አጽናናኝም፣ ምክንያቱም ማንም ጥፋተኛ ብሎ እንዳልፈረደብኝ መጀመሪያ የገባኝ ያኔ ነው። ተራው ነው እንደ አዲስ የተደረደረው።

ያም ሆኖ ሁሉም መውደቅ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይሄ ነው ትልቁ ነገር። አንድ ጓደኛዬ አለ፣ እሱም ሳይት አለው። ከኔ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የወደቀው። ሁሉም ሰው ጉግል በዚያው ሰሞን ስላደረገው ለውጥ ያወራ ስለነበር እኛም ሌላ ምክንያት አልፈለግንም። ማታ ማታ እየተደዋወልን "ይሄ ነገር አወደመን" እንባባል ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደወለልኝ።

"ወንድሜ፣ ጉድ ልንገርህ?"

"ምን ሆንክ?"

"ሳይቱን አዲስ ዲዛይን ያደረገልኝ ልጅ ሲሞክረው የፍለጋ ሞተሮች እንዳያዩት ዘግቶት ነበር። ከጨረሰ በኋላ መክፈቱን ረስቶታል። ሳይቴ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ 'አትመዝግቡኝ' ሲል ነው የከረመው።"

አንዲት ምልክት ናት። አነሳት፣ ገጾቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ። እሱ ግን በሦስቱ ሳምንታት ውስጥ ስለ ለውጡ ብዙ ሰዓት አንብቧል፣ ጽሑፎቹን ከላይ እስከ ታች ለመቀየርም ተነስቶ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ አንድ በሽታ ሲያወራ የራሱን ሕመም በዚያው ስም ጠራው። እኔም ብሆን ያው ነበር የማደርገው።

ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ሲወርድ መጀመሪያ የምጠይቀው "ምን ላድርግ?" የሚለውን አይደለም፣ "የወረደው ምኑ ነው?" እላለሁ። ሪፖርቱ ላይ ሦስት ነገሮች ለየብቻ ይታያሉ፦ ገጽህ በፍለጋ ውጤት ላይ ስንት ጊዜ ታየ፣ ስንት ሰው ነካው፣ ስንተኛ ሆኖ ታየ። ደረጃው እንዳለ ሆኖ የታየበት ብዛት ከቀነሰ፣ ማንም አላወረደህም፤ ሰው ያንን ነገር መጠየቅ ቀንሷል። ምናልባት ወቅቱ ነው። ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት አውጥተህ አስተያየው። ይህን ሪፖርት የሚያወጣው የጉግል ሰርች ኮንሶል የ16 ወር መረጃ ስለሚያስቀምጥ ይህን ማድረግ ይቻላል፣ ብዙ ሰው ግን ያለፉትን 28 ቀናት ብቻ እያየ ይጨነቃል። ደረጃውም የታየበት ብዛትም እንዳለ ሆኖ የሚነካው ሰው ብቻ ከቀነሰ ደግሞ የውጤት ገጹ ራሱ ተቀይሯል ማለት ነው። ከላይ ማስታወቂያ ጨምሯል፣ ወይም መልሱ እዚያው ተጽፎ ይታያልና ሰው ወደ አንተ መምጣት አላስፈለገውም። ደረጃው ራሱ ከወረደ፣ ያኔ ነው ስለ ደረጃ ማውራት የሚቻለው። እሱም ቢሆን የወረደው ጠቅላላ ሳይቱ ነው? አንድ ክፍል ነው? አንዲት ገጽ ናት? በስልክ ነው ወይስ በኮምፒውተር?

አማካይ ደረጃ የምትባለዋን ቁጥር ግን ብቻዋን አትመኗት። አንዲት ገጽ ለአንድ ጥያቄ 2ኛ ሆና ትመጣለች እንበል። ነገ ለ100 አዳዲስ ጥያቄዎች 60ኛ ሆና መታየት ብትጀምር አማካይዋ ክፉኛ ይወርዳል፤ ያጣችው ነገር ግን የለም፣ እንዲያውም አግኝታለች። እኔ በዚህች ቁጥር ምክንያት በጣም ጤነኛ የሆኑ ገጾችን ስፈታና ስገጥም ነበር።

ይህን ሁሉ ሳስብ የገረመኝ ነገር አለ። መፍትሔው የጠፋብኝ እኔ፣ መልሱ ያለው በዚያችው 27ኛ በሆነች ጽሑፌ ውስጥ ነበር። ከጨርቁ ሥር ክር ሲተበተብ ሁሉም ሰው የታችኛውን ክር ነው የሚወቅሰው፣ ምክንያቱም ጉዱ የሚታየው እዚያ ነው። የታችኛውን ክር ያወጣል፣ ይቀይራል፣ ብሎን ያጠብቃል፣ ያላላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከላይ ነው። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ዝቅ እንዳደረገ ክር ካስገባ፣ ክሩን የሚያጠብቁት ሁለት ክብ ብረቶች ተዘግተው ስለሚቆዩ ክሩ በመካከላቸው አይገባም። ላላ ይላል፤ የላላው ክር ደግሞ ከሥር ይከማቻል። ታች የነካካው ሰው ደህና የነበረውን አበላሽቶ ይነሳል። ይህን ለሌላ ሰው ለ5 ዓመት ሳስተምር ኖሬ በራሴ ሳይት ላይ ደህና የነበረውን ስፈታ ዋልኩ።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ኢሜይል መጣልኝ። ከአንዲት እናት ነው። እንዲህ ይላል፦

"ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? ያቺ በእጅ የሚዞረውን ማሽን ዘይት የት የት እንደምንቀባ በፎቶ ያሳየህባት ጽሑፍ የት ሄደች? እኔ ማሽኔን በዓመት ሁለቴ የማጸዳው እሷን ከፍቼ ነው። ዛሬም ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ልከፍታት ብል የለም ይላል። አሁን የቱን ከየት እንደምገጥም ግራ ገብቶኝ ተቀምጫለሁ።"

ሦስቴ አነበብኩት። ጽሑፏ ከ63ቱ አንዷ ናት። ስሰርዛት በወር 4 ሰው ነበር የሚያያት። አራት ሰው ምን ይጠቅማል ብዬ ነው የጣልኳት። እኚህ እናት በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጡት፣ በኔ ወርኃዊ ሪፖርት ላይ ደግሞ ምንም ናቸው። ማሽናቸው ግን በዚያች ገጽ ላይ የቆመ ነው። የተፈታ ማሽን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ አንዱ ብሎን በአንድ እጅ፣ ስልክ በሌላ እጅ፣ ገጹ የለም ሲል ታየኝ።

ፎቶዎቹ ኮምፒውተሬ ላይ ነበሩ። ያኔውኑ በኢሜይል ላክሁላቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኳቸው። "እርስዎ እስኪገጥሙት ድረስ ኢሜይሉን አልዘጋም፣ የጠፋብዎት ነገር ካለ ይጻፉልኝ" አልኳቸው። ማታ 3 ሰዓት አካባቢ "ተገጠመ፣ ይዞራል፣ እግዜር ይስጥህ፤ ሦስተኛው ፎቶ ብቻ ትንሽ ጨለም ይላል" የሚል መለሱልኝ። በዚያ ሌሊት ከድሮው ቅጂ እያወጣሁ ጽሑፎቹን መመለስ ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር ግን አንድ በአንድ እያነበብኩ ነው። ከ63ቱ 48ቱን መለስኳቸው። 15ቱ በእውነት ባዶ ነበሩ፣ እነሱ ቢቀሩም ማንም አይጎዳም። ያ ባለሙያ ነኝ ያለው ሰው ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም ማለት ነው፣ ባዶ ገጽ ባዶ ነው። ባዶውን ከሙሉው የሚለየው ግን ማንበብ ነው፣ የጎብኚ ቁጥር አይለየውም።

ከዚያ በኋላ ነው ድፍረት አግኝቼ ከላይ የተቀመጡትን ያየሁት። እስከዚያ ድረስ ማን እንደቀደመኝ ማየት አልፈለግኩም፣ ስለሚያቃጥለኝ። አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ያሉትን ሁሉ አነበብኳቸው። ሦስቱ ርዝመት ብቻ ናቸው፣ ማሽን ነክቶ የማያውቅ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ሁለቱ ዕቃ ለመሸጥ የተጻፉ ናቸው። እነዚህን ሳነብ ደሜ ፈላ፣ አሁንም ከኔ ይሻላሉ ብዬ አላምንም። 1ኛው ግን ከኔ ይሻላል። አጭር ነው። መጀመሪያው መስመር ላይ "ክሩን አውጣ፣ እግሩን ከፍ አድርግ፣ እንደገና አስገባ" ይላል። ከሥሩ ሦስት ጥርት ያሉ ፎቶዎች አሉ። አለቀ።

ወደ ራሴ ገጽ ተመለስኩ። እግሩን ከፍ ስለማድረግ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ነው። ከሱ በፊት ስለ ክር ዓይነቶች፣ ስለ ማሽን ታሪክ፣ ስለ ስፌት ጥቅም ተጽፏል። ማን ጻፈው? እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስጽፋት አጭር ነበረች። ከዚያ በየዓመቱ "ረዥም ጽሑፍ ደረጃ ያገኛል" ሲባል እየሰማሁ አንድ አንቀጽ፣ "እነዚህ ቃላት ይግቡ" ሲባል ሌላ አንቀጽ እየጨመርኩ አበዛኋት። ማሽኑ ተበላሽቶበት በጭንቀት የመጣ ሰው ስምንት አንቀጽ ስለማይፈልገው ነገር እንዲያነብ አድርጌያለሁ። ደረጃዋን ለመጠበቅ ብዬ ስጨማምርባት ጽሑፏን ራሷን ስቀብራት ኖሬያለሁ። ከመውደቋ ይልቅ ይህ ነው ያሳዘነኝ።

ቆረጥኳት። መልሱ መጀመሪያው መስመር ላይ ሆነ። ፎቶዎቹን በቀን ብርሃን እንደገና አነሳኋቸው። አሁን 6ኛ ናት። በማስተካከሌ ይሁን ወይም ከዚያ በኋላ በመጣው ሌላ ለውጥ ይሁን መለየት አይቻልም። ግን አንድ ሰው ሲከፍታት ማሽኑ በ2 ደቂቃ ይስተካከልለታል።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። "ጥሩ ጻፍ፣ ሌላው ይስተካከላል" የሚለው ምክር ሁሌም እውነት አይደለም። ጥሩ ጽፈው፣ ሰው ጠቅመው፣ ምንም ሳያጭበረብሩ ወድቀው ያልተነሱ ሰዎች አሉ። በሴፕቴምበር 2023 ከነበረው ለውጥ በኋላ ብዙ ትናንሽ ሳይቶች የደረሰባቸውን በአደባባይ ሲናገሩ ነበር፤ ሠራተኛ ያሰናበቱ አሉ፣ የዘጉም አሉ። ለነዚህ ሰዎች "ይዘትህን አሻሽል" ማለት በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። ጉግል ራሱ በሚሰጠው መመሪያ ላይ ማሻሻያ ማድረግ ደረጃን ለመመለስ ዋስትና እንደማይሆን ይናገራል። ከሜይ 2024 ጀምሮ ደግሞ፣ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጠናቀረ መልስ ከውጤቶቹ በላይ መታየት ጀመረ። መልሱ የሚቀዳው እንደኛ ካሉ ገጾች ነው። ይህ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ሳስብ እሰጋለሁ፣ ስጋቴንም አልደብቅም። ማሽን ፈትቶ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከሌለ የሚጠናቀረው መልስ ከየት ይመጣል?

ለዚህ ነው ጎብኚዎቼ ሁሉ በአንድ በር ብቻ እንዲገቡ መተው ያቆምኩት። ከያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ኢሜይል መተው የሚፈልግ እንዲተው ቦታ አስቀምጫለሁ። በወር አንዴ አዲስ የጻፍኩትን እልክላቸዋለሁ። ብዙ አይደሉም። ግን ደረጃ ወጣ ወረደ እነሱ አይጠፉም፣ ጥያቄም ይልካሉ፤ ቀጥሎ ምን እንደምጽፍ የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው። ይህን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማድረግ እችል ነበር። ዝናብ እያለ ጉድጓድ የሚቆፍር የለም።

አሁን ሪፖርቱን የምከፍተው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ስልኬ ላይ የነበረውን አፕ አጠፋሁት፣ ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበርና። አንድ ደብተር አለኝ፣ ሳይቱ ላይ የምቀይረውን ማንኛውንም ነገር ቀኑን እየጻፍኩ እመዘግባለሁ። የየትኛው ገጽ ርዕስ መቼ ተቀየረ፣ የትኛው ፎቶ መቼ ገባ። አንድ ነገር ከቀየርኩ አራት ሳምንት ሌላ አልነካም። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ እጅ ይበላል። ግን ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ምኑን እንዳደረግኩ አውቃለሁ። ትልቅ ለውጥ እየተካሄደ ከሆነ ደግሞ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። በመሃል የወረደው ሲያልቅ ተመልሶ ያየሁበት ጊዜ አለና።

ጎብኚዎቼ ወደ ድሮው ቁጥር አልተመለሱም። ከሦስት ሁለት እጁ ያህል ነው የተመለሰው። ይህን ስጽፍ ደግሞ ሌላ ለውጥ ተጀምሯል እየተባለ ነው፣ ከሰኞ በፊት አላየውም።

ባለፈው ሰኞ ሳየው ግን የዘይቷን ጽሑፍ ፈልጌ አገኘኋት። በወሩ ውስጥ 5 ሰው ከፍቷታል። እኚያ እናት ማሽናቸውን የሚያጸዱበት ጊዜ መድረሱ ትዝ አለኝ። ሦስተኛው ፎቶ ጨለም ይላል ያሉኝን እስከዚያ ቀን አላስተካከልኩትም ነበር። ትናንት ማሽኑን መስኮት አጠገብ አምጥቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ የዘይቱ ቀዳዳ በደንብ እንዲታይ አድርጌ እንደገና አነሳሁት። ማታ ቀየርኩት፣ ደብተሬም ላይ ቀኑን ጻፍኩ።